አንድ ትምህርት ለሁሉም እኩል ነውን?



ባለፈው ክረምት ቡራዩ በሚገኘው አዳራሻችን ለሕፃናት የማጠናከሪያ ትምህርት እንድንሰጥ በታዘዝን ጊዜ፣ እኔ የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆችን የአማርኛ ንባብ እንዳስተምር ተመደብኩ። ምንባቡን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ አነባለሁ፤ ልጆቹም ተከትለው በአንድ ድምፅ ይላሉ። ድምፃቸው አዳራሹን ሲሞላው ሁሉም የገባቸው እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከኋላ የሚቀመጠውን አንድ ልጅ ብቻውን እንዲያነብ አስነሣሁት። አንድም ቃል ሳይስት ተወጣው፤ ዓይኑ ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ከመካከል አንዲት ቃል ጠቁሜ «ይህችስ ምን ትላለች?» ብለው ዝም አለ። ለካ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ልጆቹ ሳቁበት፤ እርሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ።

ቤቱ ድረስ ሄድኩ። እናቱ በአክብሮት ተቀበሉኝና የልጁን ደብተር አወጡልኝ። የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ መጽሐፉንም በቁቤ እንደ ውኃ ያንበለብለዋል! እኔ «ደካማ» ብዬ የመዘገብኩት ልጅ የክፍሉ ጐበዝ ነበር። ያልለመደው ፊደሉን ብቻ ነው። በቁቤ ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻቸው ይጻፋሉ፤ በእኛ ፊደል ግን አናባቢው ከሆሄው ጋር ተዋሕዶ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ «በ» «ቡ» «ቢ» እንደምንለው ማለት ነው። ይህን ማንም አልነገረውም፤ እኔም ጭምር።

የትምህርት ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ልዩነትን ያገናዘበ የማስተማር ዘዴ ይሉታል። ካሮል ቶምሊንሰን የተባሉት አሜሪካዊት መምህርት በሰፊው ጽፈውበታል። ፍሬ ነገሩ ግቡ ለሁሉም አንድ ሆኖ ሳለ መንገዱን፣ ጊዜውንና ልጁ ማወቁን የሚያሳይበትን ሁኔታ እንደ ልጁ ማድረግ ነው። በክፍል ስናነበው አዲስ ነገር መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የኔታ ዘንድ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ «ሀ ሁ» ይቈጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፤ ሌላው ግዕዝ ንባብ ሲያነብ ከፍ ያለው ዳዊት ይደግማል። የኔታ እያንዳንዱን ለብቻው ያደምጡታል፤ ያላጠናው አይሻገርም፤ የበላዩም የበታቹን ያስጠናል። አለንጋውን ግን እንተወው። ያን ቀን ልጆቹ የሳቁት ሳቅ ከአለንጋ አያንስምና።

ከሱሉልታ የሚመላለስ አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ለማን ለማን ትለያለህ?» ሲል ሞገተኝ። እውነቱን ነው፤ ለስድሳ ልጅ ስድሳ ትምህርት ማዘጋጀት አይቻልም። ቢሆንም ለአንዱ ተብሎ የተደረገ ነገር ለብዙዎች የሚተርፍበት ጊዜ አለ። ሰበታ በሚገኘው የመርሐ ዕውራን ት/ቤት የተማረ ዓይነ ስውር ወንድማችን እንዳጫወተኝ፣ ከዚያ ወጥቶ ከዓይናማዎች ጋር መማር ሲጀምር ያስቸገረው ነገር «ይህን ከዚህ ስንቀንሰው ይህ ይሆናል» የሚል አነጋገር ነበር። «ይህ» ማለት ለእርሱ ምንድን ነው? በኋላ አንድ መምህር የሚጽፉትን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያነበቡ መጻፍ ጀመሩ። እርሱም በብሬል ይከተላቸው ጀመር፤ ከኋላ ተቀምጠው ሰሌዳው የማይታያቸው ልጆችም አብረው ተጠቀሙ። መምህሩ ይህን ለማድረግ ተጨማሪ ሰዓት አላስፈለጋቸውም።

ደግሞም የክፍል ቁጥር ብቻውን የልጁን ችሎታ አይነግረንም። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በህንድ ፕራታም የሚባለው ድርጅት እንዲህ ያሉትን ልጆች በቀን ለተወሰነ ሰዓት በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው እየመደበ ያስተምራል፤ አንዱ ምድብ ከሆሄ፣ ሌላው ከቃል፣ ሌላው ከታሪክ ይጀምራል።

እኛም ይህንኑ ሞከርን። አዳራሹን በአግዳሚ ወንበር ሦስት ቦታ ከፈልነው። ማንንም ብቻውን አስነሥተን አናስነብብም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይነባበባሉ። «ሰነፎቹ እነዚያ ናቸው» እንዳይባል ምድቡን በየሁለት ሳምንቱ እንለዋውጣለን፤ ይህ ግን እስከ አሁን በደንብ አልተሳካልንም፤ ልጆች ሁሉን ያውቃሉ። አስተማሪም ያንሰናል። በተለይ አፋን ኦሮሞ የምትችሉ እኅቶችና ወንድሞች ቅዳሜ ከጧቱ 3 ሰዓት ብትመጡልን እጅግ ደስ ይለናል።

ያ ልጅ ተመልሷል። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን ከቁቤው ጋር እያስተያየች ታስጠናዋለች፤ እስከ «ነ» ደርሰዋል። እርሱ ደግሞ በፈንታው አፋን ኦሮሞ ያስተምራታል፤ ስትሳሳት ግን አይስቅባትም።