አሮጌ መኪና የሚያሳየውን ፍጥነት ስለ መመርመርና ስለ ማረም

በናይሮቢ ከተማ በኢስትሊ ሰፈር የሚያልፈው አንደኛው ጎዳና ከማለዳ እስከ ማታ በእግረኛ፣ በማታቱና ምኮኮቴኒ በሚባለው የእጅ ጋሪ የተጨናነቀ ነው። በዚያ ሰፈር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል መኪና የሚነዱ አሉ። የኬንያ ሕግ በከተማ ውስጥ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳትን ይከለክላል። ሕጉን ለማክበር የሚወድ ነጂ ግን ፍጥነቱን የሚያውቀው ከመሪው ፊት ባለው መለኪያ ነውና፤ መለኪያው የተሳሳተ እንደ ሆነ በጎ ፈቃዱ ብቻ ከጥፋት አያድነውም። ስለዚህ አሮጌ ላንድ ሮቨር፣ ፔጆ፣ ቮልስዋገን ወይም ይህን የመሰለ መኪና ያለው ሰው መለኪያውን እንዴት እንደሚመረምርና እንደሚያርም ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

የመለኪያው አሠራር

በአሮጌ መኪናዎች የሚገኘው መለኪያ፣ ኦቶ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባወጣበት ሐሳብ የሚሠራ ነው። ከካምቢዮው፣ በቮልስዋገን ግን ከፊት ጎማ፣ የሚነሣ ካቦ እየተሽከረከረ እስከ መለኪያው ይደርሳል። በዚያም ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ በጥርስ የተያያዙትን የኪሎ ሜትር ቁጥሮች ማዞር ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ማግኔት ማሽከርከር ነው። ማግኔቱ በአጠገቡ ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው ይጎትተዋል፤ ቀጭን ሞላ ደግሞ ጽዋውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የፍጥነቱ ቀስት የሚቆመው እነዚህ ሁለት ኃይሎች በተመዛዘኑበት ስፍራ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር አለ። ቆጣሪውና ቀስቱ በአንድ ካቦ ቢነዱም ሥራቸው የተለያየ ነው። ቆጣሪው በጥርስ ስለሚዞር ስሕተቱ ከጎማ ወይም ከማርሽ የመጣ ነው። ቀስቱ ግን በጎማውም በማርሹም፣ ከዚያም በላይ በማግኔቱና በሞላው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ማንም ሰው ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ሁለቱን እንደ ሁለት ምስክሮች ለየብቻ መጠየቅ ይገባዋል።

ምርመራው

1ኛ፤ የመለኪያውን ፊት ተመልከቱ። ከእንግሊዝ አገር የመጡ አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ የሚያሳዩት በማይል ነው። አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ ቀስቱ 50 ማይል ላይ ሲቆም መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

2ኛ፤ ጎማዎቹን በሚገባቸው ልክ ነፋስ ሙሉ።

3ኛ፤ መንገድ ሳይጨናነቅ፣ ለምሳሌ እሑድ ማለዳ፣ ከኢስትሊ በጁጃ መንገድ ወደ ፓንጋኒ ወጥታችሁ ወደ ቲካ የሚወስደውን ሰፊ መንገድ ያዙ። በኬንያ የሚነዳው በግራ ነውና ዝግተኛው መኪና የግራውን ጠርዝ ይይዛል። የመንገዱ ምልክት በፈቀደው መጠን ቀስቱን አንድ ቦታ ላይ አጽንታችሁ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ አስቈጥሩ። ርቀቱን ከሳተላይት በሚያነብ ስልክ ማወቅ ይቻላል፤ ስልኩንና ሰዓቱን ግን ነጂው ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ሰው ይያዝ።

4ኛ፤ 3600ን በሴኮንዱ ቁጥር ብታካፍሉ እውነተኛውን ፍጥነት ታገኛላችሁ። 72 ሴኮንድ 50 ኪሎ ሜትር፣ 60 ሴኮንድ 60 ኪሎ ሜትር፣ 45 ሴኮንድ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው።

5ኛ፤ በዚያው ጉዞ 10 ኪሎ ሜትር ሂዱና ቆጣሪው ስንት እንደ መዘገበ ጻፉ።

ምሳሌ እንስጥ። ቀስቱ 50 ላይ ቆሞ ሳለ መኪናው አንዱን ኪሎ ሜትር በ65 ሴኮንድ ጨረሰ እንበል፤ እውነተኛው ፍጥነት 55.4 ነው። ቆጣሪውም በ10 ኪሎ ሜትር 9.5 ብቻ መዘገበ። የቆጣሪው ጉድለት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀስቱ 50 ሲያሳይ ፍጥነቱ 52.6 በሆነ ነበር። ስለዚህ ከስሕተቱ ገሚሱ የጎማ ወይም የማርሽ፣ የቀረው የመለኪያው የራሱ ነው። ጎማውን ብቻ የለወጠ፣ ወይም መለኪያውን ብቻ ያስጠገነ ሰው፣ ግማሹን ስሕተት ይዞ ይቀራል።

እርማቱ

ቆጣሪው የተሳሳተ እንደ ሆነ ጎማውን በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ፣ መኪናውን ቀስ ብላችሁ አንድ ዙር ገፍታችሁ በሜትር ለኩ። ለመኪናው የተሠራው ጎማ በአንድ ዙር 1.90 ሜትር የሚሄድ ሆኖ አሁን የገባው 2.00 ሜትር ከሄደ፣ የ9.5ቱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው። መድኀኒቱ ትክክለኛውን ጎማ ማስገባት ነው። ጎማው ትክክል ከሆነ ካምቢዮው ወይም ዲፈረንሲያሉ ከሌላ መኪና መጥቶ እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ያን ጊዜ ካቦውን የሚያዞረው ትንሽ ጥርስ መለወጥ አለበት።

ቆጣሪው ልክ ሆኖ ቀስቱ ብቻ ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ በተለያየ ፍጥነት ተመልከቱ። ቀስቱ የሚዘል ከሆነ ካቦው ደርቋል ወይም ታጥፏል። ልዩነቱ በ30ም በ50ም በ80ም እኩል ከሆነ ቀስቱ ከቦታው ተንሸራቷል። ልዩነቱ ከፍጥነቱ ጋር የሚያድግ ከሆነ ግን ማግኔቱ ደክሟል ወይም ሞላው ላልቷል፤ የደከመ ማግኔት ቀስቱን ዝቅ ያደርጋል፣ የላላ ሞላ ከፍ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ቀስቱን ነቅሎ ወደ ላይ መትከል ስሕተቱን በአንድ ፍጥነት ብቻ ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፤ ለመለኪያ ሠሪ መስጠት ይገባል። ካቦውን ግራሶ ስትቀቡም የላይኛውን ጫፍ ደረቅ ተዉት፤ ግራሶው ወደ ጽዋው ከገባ ቀስቱን ያጣብቀዋል።

በናይሮቢ ቀድሞ ግሮጋን ይባል በነበረው በኪሪንያጋ መንገድ ያገለገለ መለዋወጫ ይሸጣል። ከዚያ ወይም ጁዋ ካሊ ከሚባሉት የእጅ ባለ ሙያዎች ሌላ መለኪያ የሚገዛ ሰው የመኪናውን ስም ብቻ አይመልከት። በብዙዎቹ የስሚዝስ መለኪያዎች ፊት ካቦው በአንድ ማይል ስንት ጊዜ እንደሚዞር በደቃቅ ቁጥር ተጽፏል፤ የአሮጌውና የአዲሱ ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በተለወጠ ጊዜም የአሮጌው ቆጣሪ ንባብና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ የመኪናን ዕድሜ ለማሳነስ ቁጥር ወደ ኋላ ማዞር ገዢን ማታለል ነው።

መለኪያው እስኪጠገን ድረስ እውነተኛውን ፍጥነት ከሚታየው ቁጥር ጎን በወረቀት ጽፎ ከመሪው ፊት መለጠፍ ይጠቅማል። ከተጠገነም በኋላ ቀስቱ ጥቂት አብዝቶ ቢያሳይ ይሻላል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39ም መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል።

ስለ ጉዳዩ ክብደት

ፍጥነት ከ50 ወደ 55 ሲያድግ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ለመቆም የሚፈጀው ርቀት በመቶ 21 ይጨምራል። በጠባብ ጎዳና ላይ ይህ ልዩነት የእግረኛ ሕይወት ሊሆን ይችላል።

መኪና የሚያስተዳድሩ የመሥሪያ ቤት ሹማምንትም ሌላ ነገር ያስተውሉ። በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚበላ መኪና ቆጣሪው 95 ብቻ ቢመዘግብ፣ በሒሳብ ሲታይ በ100 ኪሎ ሜትር 12.6 ሊትር የበላ ይመስላል። ቤንዚን አጐደለ ተብሎ የሚጠረጠረውም ምንም ያልበደለ ነጂ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ ቆጣሪውን በ10 ኪሎ ሜትር መመርመር ይገባል፤ ወጪው ትንሽ ቤንዚንና የአንድ ማለዳ ጊዜ ብቻ ነው።