መካሪና ነጻነት

ነጻነት ያለ መካሪ መኖር አይደለም፤ መምከርም የሌላውን ፈቃድ መግዛት አይደለም። በውጭ አገር «ኮች» የሚባለው የግል አማካሪ፥ እንግሊዝኛ ስሙ አስቀድሞ የሠረገላ ስም ነበር፤ ሠረገላም መንገደኛውን ያደርሰዋል እንጂ መድረሻውን አይመርጥለትም። አሜሪካዊው የቴኒስ መምህር ቲሞቲ ጋልዌይም እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በተጫዋቹ ላይ ትእዛዝ ከማብዛት ይልቅ ኳሷን ራሱ ልብ ብሎ እንዲመለከት መርዳት እንደሚሻል አስረዳ። ነገር ግን ለጥቂቱም ለብዙውም መካሪውን ሳይጠይቅ የማይወስን ሰው፥ ጌታ ለወጠ እንጂ ነጻ አልወጣም። ሕፃን እስኪጸና ድረስ እጁን ይይዙታል፤ ከጸና በኋላ ግን አለመልቀቅ ፍቅር ሳይሆን እስራት ነው። እንግዲህ የነፍስ አባትም ሆነ የሙያ አማካሪ፥ የመከረው ሰው በራሱ አእምሮ መርምሮ በራሱ ፈቃድ በጎውን ሲመርጥ ባየ ጊዜ፥ ድካሙ ፍሬ እንዳፈራለት ይወቅ።