ስለ ሞተር ዘይት አለካክ

መኪና ባለበት ቤት ሁሉ ዘይት መለወጥ የታወቀ ሥራ ነው። በተለይም የድሬዳዋ ልጅ ከሞተር ጋር ያደገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከተማችን ራስዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተቆረቆረች ናትና ብረትና ዘይት እንግዶችዋ አይደሉም። ይሁን እንጂ ዘይት መለወጥ የሚችል ሁሉ ዘይት መለካትን ያውቃል ማለት አይደለም። ይህን ስል ከሁሉ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነው።

አባቴ አሮጌ ፔጆ 404 አላቸው። ይህ ዓይነት መኪና በፈረንሳይ አገር መሠራት የጀመረው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፥ በድሬዳዋና በሐረር ብዙ ዘመን በታክሲነት ስላገለገለ ወላጆቻችን በሚገባ ያውቁታል። የእኛው መኪና ዛሬም አባቴን ወደ ሐረር እያመላለሰ ቤታችንን ያስተዳድራል። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ቀን፥ ለጋራዥ የሚከፈለው ገንዘብ ይትረፍ ብለን ታላቅ ወንድሜና እኔ ዘይቱን ራሳችን እንድንለውጥ አባቴን ለመንናቸው፤ እሳቸውም ፈቀዱልን።

አሮጌውን ዘይት አፈሰስን፤ ፊልትሮውን ለወጥን፤ የማፍሰሻውን ብሎን አጠበቅን፤ ከአምስት ሊትሩ ጀሪካንም አራት ሊትር ቀዳን። ወዲያውኑ የመለኪያውን ዘንግ ብንመዘው ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ሆኖ ታየን። ወንድሜ «ጐድሏል» አለ፤ እኔም አላመነታሁም፤ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ጨመርን። በማግሥቱ አባቴ መኪናውን ከግቢ አውጥተው በሜዳው መንገድ ላይ አቁመውት ነበርና ዘንጉን እንደ ገና ብመዘው፥ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ብሎ አገኘሁት። ሰኞ ጠዋት ደግሞ አባቴ ሰው ጭነው ወደ ሐረር የሚወጡበት ቀን ነበር። ጨንቆኝ ለጎረቤታችን ነገርኋቸው። እኒህ ጎረቤታችን በምድር ባቡሩ የጥገና ሥፍራ ብዙ ዓመት የሠሩ አዛውንት ናቸው።

«መቼ ለካችሁት?» አሉ።

«እንደ ቀዳን።»

«መኪናው የት ቆሞ ነበር?»

ወደ ደጃፉ የሚያዘቀዝቀውን ግቢያችንን አሳየኋቸው። አዛውንቱ ስቀው፥ «እናንተማ የለካችሁት ዘይቱን ሳይሆን ችኰላችሁን ነው» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው አብዛኛው እርሳቸው በዚያ እሑድ ያስተማሩኝ ነው፤ ሒሳቡን ግን እኔ ጨምሬበታለሁ።

በመጀመሪያ፥ ከላይ የተቀዳ ዘይት ወደ ታችኛው ገንዳ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ አይደለም። በሞተሩ ራስ ላይ ባሉት ብረቶች መካከል እየተንጠባጠበ ይወርዳል እንጂ። ስለዚህ እንደ ቀዱ መለካት ገና በመንገድ ላይ ያለውን ዘይት እንደሌለ መቍጠር ነው። ሁለተኛም፥ አዲስ ፊልትሮ ባዶ ስለ ሆነ ሞተሩ እንደ ተነሣ የራሱን ድርሻ ይጠጣል፤ ይህም እንደ ፊልትሮው መጠን ይለያያል። እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተት ዘይቱን አሳንሶ ያሳያል፤ ሁለተኛው ደግሞ አብዝቶ ያሳያል። ሞተሩን ሳያስነሡ የሚለካ ሰው በሁለቱ መካከል ይዋልላል።

ሦስተኛው የመሬቱ ተዳፋትነት ነው። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳባችን እዚህ ላይ ጠቀመኝ። የመለኪያው ዘንግ ከገንዳው መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ የገባ ነው እንበል። መሬቱ 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘቀዝቅ፥ የ3 ዲግሪ ታንጀንት 0.052 ስለ ሆነ 20 ሲባዛ በ0.052፥ 1.04 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። በብዙ መኪናዎች ላይ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ልዩነት ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። በኛ ዘንግ ላይ ደግሞ በመካከላቸው ያለው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር በግምት 50 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ዓይን የማያስተውለው ያ ትንሽ ተዳፋት እንግዲህ ግማሽ ሊትር ያህል ዋሽቶናል። ገንዳው በሁሉም በኩል ስፋቱ እኩል ስላልሆነ ይህ ግምት እንጂ ቁርጥ ልክ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

የሙቀት ነገርም አለ። የሞተር ዘይት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከመጠኑ 0.0007 ያህል ያብጣል። ጠዋት በ30 ዲግሪ ያለው 4 ሊትር ዘይት ሞተሩ ሠርቶ 90 ዲግሪ ሲደርስ 168 ሚሊ ሊትር ይጨምራል፤ ይኸውም ሁለት የቡና ሲኒ ያህል መሆኑ ነው። በዘንጉ ላይ ከሦስት ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ብዙም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቀን በሙቅ፥ አንድ ቀን በቀዝቃዛ እየለካ «ዘይቴ ማን ወሰደው» የሚል ሰው መልሱን ከዚህ ያገኛል።

ዘይት ቢበዛ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው «የተረፈ ምን ይጎዳል» ይላል፤ እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ክራንክሻፍት የሚባለው ጠማማ ብረት ከዘይቱ በላይ በአየር ውስጥ መሽከርከር አለበት። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ብረት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ ከፍ ብሎ ከደረሰበት እንደ መማሰያ ሆኖ አረፋ ያደርገዋል። አረፋ ደግሞ አየር ያለበት ዘይት ነውና ፓምፑ አየሩንም አብሮ ይገፋል፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋንም ይሳሳል። ትርፉ ዘይት በማኅተሞቹ በኩል መፍሰስ፥ ወደ ፒስቶኑ ራስ ወጥቶ መቃጠል፥ ሰማያዊ ጢስ ማውጣትና ካንዴላ ማቈሸሽም ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን ከላይኛው ምልክት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያለፈ ዘይት እንቅልፍ የሚነሣ አይደለም፤ የኛ 15 ሚሊ ሜትር ግን መውጣት ነበረበት።

ማነሱ ግን ከመብዛቱ ይከፋል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው ደንገጎን መውጣት ግድ ነው። በዚያ ዳገትና ጥምዝ ላይ ዘይቱ በገንዳው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ መጠኑ ካነሰ የፓምፑ መምጠጫ አፍ ለቅጽበት ባዶውን ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልገልጽ ማለፍ አልወድም። በሹፌሩ ፊት የሚበራው ቀይ የዘይት መብራት የዘይቱን ብዛት አይናገርም፤ የሚናገረው የዘይቱን ግፊት ነው። አልበራም ማለት ዘይቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። እየነዱ ሳለ ከበራ ደግሞ ጋራዥ እስክደርስ ሳይባል ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል።

አዛውንቱ ያሳዩኝ አሠራር እንደሚከተለው ነው። መኪናው በደልዳላ ሥፍራ ይቆማል። አሮጌው ዘይት ሞተሩ ጥቂት ሞቆ ሳለ ይፈስሳል፤ እጅ እንዳያቃጥል ግን መጠንቀቅ ነው። አዲሱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ልክ ግማሽ ሊትር ተቀንሶ ይቀዳል፤ ምክንያቱም አሮጌው ሁሉ አይፈስም፤ በሞተሩ ውስጥ ተጣብቆ የሚቀር አለ። ከዚያ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ አስነሥቶ፥ መብራቱ መጥፋቱንና በብሎኑና በፊልትሮው በኩል የሚያንጠባጥብ አለመኖሩን ማየት ነው። አጥፍቶ ዐሥር ደቂቃ መቈየት። ዘንጉን መዝዞ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፥ እስከ መጨረሻው መልሶ ማስገባት፥ እንደ ገና መዝዞ ማንበብ። የመጀመሪያው ምዘዛ አይታመንም፤ ዘንጉ በቱቦው ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ይዞ ይወጣልና። የዘንጉ አንዱ ገጽ ከሌላው ከፍ አድርጎ ቢያሳይ ዝቅተኛውን ማመን ይሻላል። ከጐደለ በትንሽ በትንሹ መጨመርና በየጊዜው ጥቂት ጠብቆ መለካት ነው። የባጃጅ ባለቤቶች ደግሞ የሞተራቸው ዘይት ከመኪና እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ትንሿ ስሕተት እንደምትከብድባቸው ይወቁ፤ ዘንጉ ተጠምዝዞ ይለካ ወይስ ሳይጠመዘዝ የሚለውንም ከመመሪያው መጽሐፍ ይመልከቱ።

ትርፉን ያወጣነው ከፋርማሲ በተገዛ 50 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ትልቅ መርፌ አልባ ስሪንጅና በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ቱቦውን በዘንጉ ቀዳዳ አስገብተን ሳብን። (በአፍ መሳብ ነውር ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው።) 750 ለ50 ሲካፈል 15 ስለ ሚሆን ዐሥራ አምስት ጊዜ መሳብ ነበረብን። ወንድሜ ሲቈጥር እኔ ስስብ ዐሥራ አራተኛው ላይ ዘይቱ ከምልክቱ ላይ ዐረፈ። በግምት ለተሠራ ሒሳብ መጥፎ አይደለም።

አሮጌውን ዘይት ወንድሜ ደቻቱ አሸዋ ላይ ሊደፋው ተነሥቶ ነበር። አዛውንቱ ከለከሉት። የከተማችን የመጠጥ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ሲሆን፥ አሸዋ የፈሰሰበትን ሁሉ ወደ ታች ያሳልፋል። እንግዲህ በጀሪካን ከድነን አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠነው።

ሰኞ በማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ አባቴ ራሳቸው ዘንጉን መዘው ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ መልሰው ከተቱት፤ ኮፈኑን ዘግተውም ሄዱ። ማታ ከሐረር ሲመለሱ ጨርቁን ይዤ ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ «ዐሥር ደቂቃ ቈይ» አሉኝ።