ጦርነትን በምክር ስለ ማብረድ

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 የእርቅን ሥርዓት ሲያስተምር ሦስት ደረጃ አሳይቶናል፤ ይኸውም አስቀድሞ ተበዳዩ በዳዩን ለብቻው ያነጋግረው ዘንድ፥ ያ ባይሆን ምስክሮች ይገቡ ዘንድ፥ ይህም ባይሆን ነገሩ በጉባኤ ይገለጥ ዘንድ ነው። ይህ ሥርዓት ለጎረቤት ጠብ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ይኖራል። በጦር ለተፋለሙ ወገኖችም እንደሚሆን የሚያስረዳ ታሪክ ግን ከዚሁ ከአዲስ አበባ ከኮልፌ ይነሣል።

በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የጦር ትምህርት ተማሩ። ወደ አገራቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመልሰው ተያዙ፤ በ1956 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በ1977 ዓ.ም. የጦር ትግልን ቢክዱ እንደሚፈቱ ቢነገራቸው እምቢ አሉ። በ1978 ዓ.ም. ግን እስረኛ ሳሉ ከፍትሕ ሚኒስትሩ ጋር በምስጢር ይነጋገሩ ጀመር። እንግዲህ መብትን መሸጥ ሌላ፥ ከጠላት ጋር መነጋገር ሌላ መሆኑን እናስተውል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ተፈቱ፤ በሐምሌም ድርጅታቸው የጦር ትግሉን አቆመ።

ሁለተኛው ደረጃ የሽምግልና ነው። ማንዴላ ለቡሩንዲ ሸምጋይ ሆነው በነሐሴ 1992 ዓ.ም. በአሩሻ ስምምነት ተፈረመ። ይሁን እንጂ ሁለት የታጠቁ ወገኖች ስላልፈረሙ ውጊያው ለዓመታት ቀጠለ፤ ያልተጠራ ወይም ያልመጣ ወገን ሲኖር እርቁ ጎዶሎ ነውና።

ሦስተኛው በጉባኤ እውነትን መናገር ነው። በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው ኮሚሽን ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ተበዳዮችን በአደባባይ ሰማ፤ በፖለቲካ ምክንያት የበደለም ምሕረት የሚያገኘው የሠራውን ሳይሸሽግ ሲናገር ነበር። ለተበዳዮች የተሰጠው ካሣ ግን ኮሚሽኑ ካሰበው ያነሰና የዘገየ ሆነ።

በአገራችንም ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት፥ ማንዴላ በኮልፌ ጦር ከተማሩ ከስድሳ ዓመት በኋላ፥ በእርሳቸው አገር በፕሪቶሪያ በአፍሪካ ኅብረት ሸምጋይነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በስምምነት ቆመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተነሣ። ስለዚህ ፊርማ የእርቅ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም እንላለን።

ካህናት ሆይ፥ የቀረው ሥራ ለእኛም ደርሶናል። የንስሓ ልጃችን በወገኑ የደረሰውን ሲነግረን እናጽናናው፤ ወገኑ ያደረሰውንም እንጠይቀው። በጸሎተ ፍትሐት የአንዱን ወገን ሙታን ብቻ አስበን የሌላውን ብንተው፥ ጦርነቱን በቤተ መቅደስ እናቆየዋለን። የሁለቱንም እናቶች ልቅሶ እኩል የሚሰማ ካህን ግን የእርቁን መጀመሪያ በደብሩ አደረገ።