የሥራ ሰዓትዎን በድፍረት ይጠይቁ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀሞ ወይም አያት የታክሲ ሰልፍ ውስጥ የቆመ ሰው ሥራውን የጀመረው ያኔ ነው። ደመወዝ የማይከፈልበት፣ በማንም መዝገብ የማይሰፍር ሥራ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ሲደርስ የቀኑን ምርጥ ጉልበት መንገድ ላይ ጨርሶታል። አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ያው ድካም ይደገማል፤ ቤት ሲገባ ልጆቹ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሏቸዋል። ወዳጄ፣ ኑሮዎ ይህን የሚመስል ከሆነ የምሥራች አለኝ። የሥራ ሰዓት ሰዎች ተስማምተው ያበጁት ነገር ነው። ተስማምተው ያበጁትን ደግሞ ተስማምተው ይለውጡታል።

የለወጡት አሉ። ጀርመን ውስጥ፣ ሙኒክ አጠገብ ኦቶብሩን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የነበረው ቦልኮው የተባለ የአውሮፕላንና የሕዋ ኩባንያ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ነበረበት። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚገባ መንገዱ ይዘጋል፤ በአንድ ሰዓት ስለሚወጣ እንደገና ይዘጋል። ኩባንያው መንገዱን ማስፋት አልቻለም፤ ሰዓቱን አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሠራተኛው በተወሰነ የጠዋት ክልል ውስጥ በፈለገው ሰዓት እንዲገባ፣ ቀድሞ የገባም ቀድሞ እንዲወጣ ፈቀደ። በቀኑ መካከል ግን ሁሉም የግድ የሚገኝበት የጋራ ሰዓት ነበር። የሥራው ሰዓት ድምር አልተነካም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ክሪስተል ካሜረር የተባለች ጀርመናዊት የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ምክንያት አንሥታ ነበር። የእሷ ሐሳብ ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች ሥራ መያዝ እንዲችሉ ነው። አንዱ በመንገድ ጭንቀት፣ ሌላዋ በእናቶች ጭንቀት ጀምረው አንድ ቦታ ተገናኙ። ዛሬ በብዙ አገሮች የተለመደው ተለዋዋጭ የሥራ ሰዓት መነሻው ይህ ነው። ለውጡ ብዙ ገንዘብ ወይም አዲስ መሣሪያ አለመጠየቁ እኔን ሁልጊዜ ያበረታኛል። የጠየቀው መተማመንን ነው።

የአለቆችም ፍርሃት ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ «ካላየሁት አይሠራም» የሚል ፍርሃት። ይህን ፍርሃት የስታንፎርዱ የምጣኔ ሀብት ምሁር ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ትሪፕ ዶት ኮም በተባለው የቻይና የጉዞ ኩባንያ ውስጥ ፈትነውታል። 1,612 ሠራተኞች በዕጣ ተከፈሉና ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤታቸው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው ውጤት መሠረት የሥራ አፈጻጸማቸውም ሆነ የደረጃ ዕድገታቸው አልቀነሰም። ሥራ የሚለቀው ሰው ግን በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ። ከሙከራው በፊት ነገሩ ምርታማነትን ይጎዳል ብለው የገመቱት ኃላፊዎች ራሳቸው በመጨረሻ ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ጥሩ ሠራተኛ አሠልጥኖ ለሌላ ድርጅት ያስረከበ ሥራ አስኪያጅ የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብን ምሳ ሰዓት ለረጅም ዓመታት ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል አድርገው ሠርተዋል፤ ሙስሊም ሠራተኞች ጁምዓ ሰግደው እንዲመለሱ። ሳምንቱ 39 ሰዓት ሆኖ ቀጠለ፤ የመንግሥት ሥራም አልቆመም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን ብዙዎች እንደሚያስቡት ድርቅ ያለ አይደለም። መደበኛው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሆኖም የሥራው ጠባይ ሲጠይቅ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይቻላል፤ የቀኑ ጭማሪ ከ2 ሰዓት እንዳይበልጥ እንጂ። በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ድርጅት ከሰኞ እስከ ሐሙስ 9፣ 9 ሰዓት ሠርቶ ዓርብን በ4 ሰዓት ሥራ ብቻ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው።

ነርሷ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ የፋብሪካ መስመር ላይ የቆመችው ልጅ «እኛስ?» ቢሉ ትክክል ናቸው። የእነሱ ሥራ በቦታው መገኘትን ይጠይቃል። ለእነሱ የሚያስፈልገው የፈረቃ ፕሮግራምን አስቀድሞ ማወቅና ከባልደረባ ጋር ፈረቃ መቀያየር መቻል ነው። ይህም መጠየቅ ያለበት መብት ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰዓቱ ስለላላ ሥራው ሌሊቱን እንዳይወርሰው። ምሽት 3 ሰዓት ላይ በቢሮው የቴሌግራም ግሩፕ ለሚመጣ መልእክት ሁሉ የሚመልስ ሰው ቤቱ ሆኖም ቢሮ ነው። ፈረንሳይ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክና ኢሜይልን ስለመተው ከሠራተኞቻቸው ጋር እንዲደራደሩ በሕግ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ2017 በምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመጠቃት ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። ማታ የሚዘጋ ስልክ ጤና ነው።

እንግዲህ ይጠይቁ። አባቶች «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይሉ የለ? አጠያየቁ ግን ልመና አይምሰል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ራስዎን ይታዘቡ፤ ከባዱን ሥራ በየትኛው ሰዓት እንደሚያቀሉት፣ መንገድ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍ፣ ባለጉዳይ መቼ እንደሚበዛ ይመዝግቡ። ከዚያ አንድ ገጽ የማይሞላ ሐሳብ ይጻፉ። «ከ1፡30 እስከ 10፡30 ልሥራ፤ ከ3 እስከ 9 ሰዓት፣ ከምሳ ሰዓት በቀር፣ ለስብሰባና ለባለጉዳይ ሁልጊዜ እገኛለሁ፤ ለአንድ ወር እንሞክረውና ሥራዬ ከወደቀ ወደ ቀድሞው እመለሳለሁ» ይበሉ። ለአለቃ ይህ የሚለካ ነገር ነው፤ ሊፈራው የሚችለውን ሁሉ አስቀድመው መልሰውለታል። አይሆንም ከተባሉ ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቁ፤ በዚያው መሠረት ሐሳብዎን አሻሽለው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰው ይግቡ። አለቃው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ከአንድ የሥራ ክፍል ይጀምሩ።

ረቂቁን ዛሬ ማታ ይጻፉት፤ ሰኞ ጠዋት ያስገቡት።