«ጉዱ» ያለው ማን ነው?

ቡድናችን በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብቦ እንዲወያይ ታዞ ነበር። አንዳንዶቻችን ታሪኩን የምናውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር እንከራከራለን ስንል ጉዱ ካሳ ላይ ቀረን።

ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጠየቀ ሁሉ ዘር እየቆጠሩ «አቻዋ አይደለም» ሲሉ ዕድሜዋ ይገፋል። በዛብህ ማንበብና መጻፍ ሊያስተምራት ገብቶ ይዋደዳሉ። (መምህር ከተማሪው ጋር! ዛሬ ቢሆን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ያቆመው ነበር፤ ይህ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።) በዛብህ የተማረ ቢሆንም የድኻ ልጅ ነውና ለፊታውራሪ ቤት አይመጥንም። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ ጀማና ዓባይ በመካከል አሉ። ቢሆንም በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር ዝምድና ብቻ አልነበረም የሚፈለገው፤ አጥንትም አብሮ ይመረመር ነበር።

ካሳ ዳምጤ የፊታውራሪ ዘመድ ነው። የዘር ቆጠራውን ከንቱነትና የገበሬውን መበደል በግልጽ ስለሚናገር አገሬው «ጉዱ» አለው። እኛም መጀመሪያ ሳቅንበት። የሚለውን ሳንሰማ ቅጽል ስሙን ሰምተን ነበራ! ደግመን ስናነብ ግን ስሙ የጠቀመው ሰሚዎቹን መሆኑ ገባን፤ አንድ ሰው «ዕብድ ነው» ከተባለ ለጥያቄው መልስ መስጠት አያስፈልግማ። አንዷ ጓደኛችን በዚህ አልተስማማችም። «ስሙ ለእርሱም ጋሻው ነው፤ ጤነኛ ቢባል ኖሮ ያን ሁሉ ተናግሮ ይተዉት ነበር እንዴ?» አለች። እስካሁን አልተስማማንም።

ክርክሩ የማስተማር ልምምዳችንን አስታወሰን። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሦስታችን ክፍል እንደ ገባን፣ ለመግባባት ብለን ልጆቹን በየተራ «የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?» እያልን ጠየቅን። አንዱ ልጅ አቀርቅሮ ዝም አለ። ከኋላ አንዱ «የቀጥቃጭ ልጅ ነው» ሲል ክፍሉ ሳቀ። እኛም ሳቁን ማስቆም ሲገባን በማስታወሻችን ላይ «አይናገርም፤ ደካማ» ብለን ጻፍን። በሁለተኛው ሳምንት የሒሳብ ፈተና ስናርም ሁሉንም ያገኘው እርሱ ብቻ ነበር። ማስታወሻውን ሰረዝነው። ልጁ ግን ልምምዳችን እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን እንኳ እጁን አላወጣልንም።