አዲሷን አለቃዬን ለምን እፈራለሁ?

ጥያቄ፦ የቀድሞው አለቃዬ ቢሮው የሚያስጠራኝ ለቁጣ ብቻ ነበር። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ትሁት ሴት ናቸው፤ ሆኖም «አንዴ ላናግርሽ» ሲሉኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው፣ እህቴ። ሲግመንድ ፍሮይድ ታካሚዎቹ ለወላጆቻቸው የነበራቸውን ስሜት ወደ ሐኪሙ ሲያዞሩት አስተውሎ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፏል። መሥሪያ ቤትም ከዚህ አያመልጥም፤ የድሮውን ፍርሃት ለመቀስቀስ የድምፅ ቃና ወይም «ነይ» የሚል አጭር መልእክት ይበቃል። ከፍርሃቱ ይልቅ የሚጎዳሽ በቀድሞው አለቃሽ ጊዜ ያተረፍሽው ልማድ ነው፦ ስሕተት መደበቅ፣ ሪፖርት ማዘግየት። በዚህ ትሁቷም መቆጣታቸው አይቀርም፤ አንቺም «ይኸው፣ አለቃ ሁሉ አንድ ነው» ትያለሽ። የቀድሞውን ሰው ክፋት አትዘርዝሪላቸው፣ ሐሜት ይመስላል። ይልቅስ «ሲጠሩኝ ጉዳዩን አስቀድመው ቢነግሩኝ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ» በያቸው።